14 ወር ከከባድ መኪናዬ ጋር፦ ስድስት ሃይላንድ ያወጡት ጉድ

ሻጩ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቁልፉን እያቀበለኝ «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ምንም አይፈልግም። ናፍጣ ብቻ ያጠጡት» አለኝ። እሺ ወንድሜ፣ አጠጣሁት። ከናፍጣው ጋር ምን አብሮ እንደሚጠጣ ግን አልነገርከኝም።

የመኪናውን ስም አልጽፍም። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ኮመን ሬል (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ታምቆ ለሁሉም ሲሊንደር የሚታደልበት)፣ ተሳቢ የሚጎትት ነው። ቤቱ አዳማ፣ ሥራው ጅቡቲ። በ14 ወር 86,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ፍሬኑም ማርሹም ደህና ነው። ሚሌ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እንኳ ውሃ አፍልቶ አያውቅም። ምስጋናው እዚህ ላይ ይብቃው። እኔ የመጣሁት ስለ ኢንጀክተር፣ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር ስለሚረጨው ዕቃ፣ ላወራ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ሾፌሬ ማዳበሪያ ጭኖ ሲመለስ ደወለልኝ። በሰቃ ሐይቅን አልፎ ወደ ወለንጪቲ እየመጣ ነው። «ጋሽዬ፣ ጉልበት የለውም። ብረግጠው ብረግጠው አይሰማም።» ከመተሐራ አዳማ ድረስ 700 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ ለጫነ መኪና ቀልድ አይደለም። እየተንፏቀቀ እኩለ ሌሊት ላይ ገባ። ጠዋት ስናስነሳው በመከራ ተነሳ፤ ግቢው በነጭ ጭስ ተሞላ፤ ሞተሩ ኳ ኳ ይላል። ጎረቤታችን ነጠላዋን ይዛ ወጥታ «ምን ተቃጠለ?» አለች።

የመጀመሪያው ጋራዥ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ነው አለ። ተፈታ። ዘንጉ በእጅ ቢነቀነቅ ንቅንቅ አይልም፤ ጤነኛ ነው። ተመልሶ ተገጠመ፣ የእጅ ዋጋ ተከፈለ። በማግስቱ «ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ይፈታ» መጣ። ቀጥሎ «ሞተሩ ይውረድ»። ሳምንት ሳይሞላ! ያኔ እኮ 86,000 ኪሎ ሜትርም አልሞላው፤ ለእንዲህ ያለ ሞተር ገና ጥርስ ማብቀያው ነው። አመስግኜ ወጣሁ (አላመሰገንኩም)።

ወደ ወንጂ መውጫ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁት መፍቻ አይደለም። «ስድስት ባዶ ሃይላንድ አምጡልኝ፤ መጠናቸው እኩል ይሁን» አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ከየኢንጀክተሩ የሚመለሰውን ናፍጣ በቀጫጭን ጎማ ወደ ጠርሙሶቹ አስገቡትና ሞተሩን አስነሱ። ቁጭ ብለን አየን። አምስቱ ታቻቸው ብቻ ረጠበ። የአራተኛው ግን እንደ ቧንቧ ይወርዳል፤ ወዲያው ግማሽ ደረሰ። «አየህ ልጄ፣ ይሄ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር መርጨት ትቶ ወደ ታንከር እየመለሰው ነው። ግፊቱ በዚህ ያልቃል። እሱ ሲያልቅ ጉልበት ከየት ይመጣል?» አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛውም ከሌሎቹ እየበለጠ መጣ።

ከዚያ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ውሃ የምትጠራቀምባትን ኩባያ ፈተው ብርጭቆ ላይ ገለበጧት። ከላይ ናፍጣ። ከታች ሁለት ጣት የሚያህል ውሃ። መሃል ላይ የቡና አተላ የመሰለ ነገር።

ናፍጣ ለእንዲህ ያለ ሞተር ነዳጅ ብቻ አይደለም። ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ከውስጥ የሚያለሰልሳቸውም እሱ ነው። ውሃ ሲቀላቀልበት ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ቆሞ ሲያድር ደግሞ ይዝጋል። ግፊቱንም አስቡት። የከባድ መኪና ጎማ 8 ባር አካባቢ ይነፋል፤ ኮመን ሬል ውስጥ ግን 1,600 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ኮመን ሬል የሌላቸው የድሮዎቹ ባለ ፖምፓ ሞተሮች ቆሻሻ ናፍጣን የተሻለ ይችሉት ነበር። ይሄኛው ቅንጡ ነው፤ አሸዋ ቀርቶ ትቢያ አይወድም።

ውሃው ከየት መጣ? ናፍጣ ጠፍቶ ማደያው በሰልፍ በተጨናነቀ ሰሞን ሾፌሬ መንገድ ዳር ከበርሜል ቀድቷል። ሳልቆጣው አመነ። የቀረው የእኔ ነው። ታንከሩን ግማሽ እያደረግሁ አሳድረው ነበር፤ ባዶው ቦታ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሠራል። ዳሽቦርዱ ላይ ውሃ ሲጠራቀም የሚበራ መብራት አለ። አልበራም። ሽቦው ተበልቶ ነበር።

ሻጩ ይሄን ቢያነብ «ጋሼ፣ መመሪያው ላይ ተጽፏል እኮ» እንደሚል አውቃለሁ። መመሪያው በቻይንኛ ነው ወንድሜ! አንተም አላነበብከውም። «ኩባያዋን በየጠዋቱ ያራግፏት» ብሎ ለመናገር ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ስለ ወንበሩ ምቾት ሩብ ሰዓት አውርተህኛል።

ሁለት ኢንጀክተር ተቀየረ፣ አራቱ ተፈትነው ተመለሱ፣ ታንከሩ ወርዶ ታጠበ። ዋጋውን ባለቤቴ ስላልሰማች እዚህ አልጽፈውም።

ሐምሌ ላይ ብትጠይቁኝ መኪናውን ከነተሳቢው በግማሽ ዋጋ እሸጥላችሁ ነበር። አሁን አልሸጠውም። ትናንት ጭኖ የወለንጪቲን መንገድ ሲወጣ አብሬ ነበርኩ፤ ሾፌሬ በአንድ እጁ ኦቾሎኒ እየበላ ነው የነዳው። (ኦቾሎኒውን ቀማሁት።) ጠዋት ጠዋት ኩባያዋን አራግፎ የብርጭቆውን ፎቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። አንዳንድ ቀን ንጹሕ ናፍጣ ነው። አንዳንድ ቀን ታቹ ላይ አንዲት የውሃ እንክብል ትታያለች፤ ያን ቀን «የት ነው የቀዳኸው?» ብዬ እደውላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሻጩ ራሱ ደወለ። «ጋሼ፣ ሁለተኛውን መቼ እናስረክብዎት?» አለኝ። ስድስት ባዶ ሃይላንድ ይዘህ ና አልኩት። ለምን እንደሆነ አልገባውም።