ኦሜጋ ስፒድማስተር ከ11 ወር በኋላ፦ በየጠዋቱ በእጄ የምሞላው ሰዓት

ይህን ሰዓት ካሰርኩ 11 ወር ሆነኝ። ኦሜጋ ስፒድማስተር ፕሮፌሽናል፣ 42 ሚሊሜትር፣ መስታወቱ ፕላስቲክ የሆነው። ባትሪ የለውም፤ እጅ ሲወዛወዝም ራሱን አይሞላም። ጠዋት ቡናዬ እስኪፈላ መሙያውን እያዞርኩ እሞላዋለሁ። አንዴ ከሞላ 50 ሰዓት ይሄዳል፤ አንድ ቀን ቢረሳም አይቆምም። ልጅ ሆኜ አባቴ ማታ ከመተኛቱ በፊት ሰዓቱን ክርር ክርር እያደረገ ሲሞላ እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ፤ ሱቅ ውስጥ ይሄኛውን ስሞክረው ያው ድምፅ መጣ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰዓት ማየት አልፈለግኩም።

ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ስላሰሩት ብዙ ሰው የጨረቃ ሰዓት ብሎ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ሲወጣ ግን የታሰበው ለመኪና እሽቅድምድም ነው፤ ጠርዙ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች የመኪና ፍጥነት ማስሊያ ናቸው። ድርጅቱ የበለጠ የቆየ ነው። ሉዊ ብራንት በ1848 ስዊዘርላንድ፣ ላ ሾ-ደ-ፎን ከተማ ውስጥ ጀመረው፣ ልጆቹ ወደ ቢል ከተማ አዛወሩት፣ በ1894 "ኦሜጋ" ብለው የሠሩት የሰዓት ሞተር በጣም ስለተወደደ ስሙ የድርጅቱ መጠሪያ ሆነ።

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ሰዓቱን ለጠፈርተኞቹ በ1965 ከመምረጡ በፊት እስከ 93 ዲግሪ ሙቀት አስገብቶታል፣ በብርድና በንዝረት ፈትኖታል። እኔን የሚነካኝ ግን ሦስት ሰው ይዞ ወደ ጨረቃ የተጓዘው የአፖሎ 13 መንኮራኩር ታሪክ ነው። በ1970 የኦክስጅን ታንኩ ፈንድቶ ኃይል ለመቆጠብ መሣሪያዎቹን አጥፍተው ነበር፤ አቅጣጫ ለማስተካከል የመንኮራኩሩን ሞተር ለ14 ሰከንድ ብቻ ማስነሳት ነበረባቸው፤ ያንን ጠፈርተኛው ጃክ ስዋይገርት በዚህ ዓይነት ሰዓት ለካ። ሰከንድ መቁጠሪያውን የሚያስነሳውን የላይኛውን ቁልፍ ተጭኜ 14 ሰከንድ ስቆጥር እስከ ዛሬ ፀጥ ያሰኘኛል። ሦስት ሰው ወደ ቤቱ የተመለሰው በዚህች ታህል ጊዜ ነው።

ወደ እጄ ልመለስ። የእኔው በቀን 2 ሰከንድ ገደማ ይቀድማል፤ በእጅ ለሚሞላ ሰዓት ድንቅ ነው። ውስጡ ያለው 3861 ሞተር ማግኔት አይበግረውም፣ ስፒከር አጠገብ አስቀምጬው ምንም አልሆነም። መስታወቱ ይጫራል፣ ይሄን አውቃችሁ ግዙ። በር ላይ አጋጭቼው ረጅም ጭረት ወጣበት፤ በፕላስቲክ ማጽጃ ቅባት አምስት ደቂቃ አሸሁት፣ ጠፋ። ፕላስቲክ ቢመታ አይበታተንም፤ ጠፈር ላይ የመስታወት ስብርባሪ ሲንሳፈፍ አስቡት። መሃሉ ላይ በጣም የደቀቀች የኦሜጋ ምልክት አለች፣ ብርሃን ሲያርፍባት ብቻ ነው የምትታየው።

ውሃ የሚችለው እስከ 50 ሜትር ነው ቢባልም እኔ ስዋኝ አወልቀዋለሁ።

ቀን አለማሳየቱ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ስሄድ ግን በኛ አቆጣጠር ሞላሁት፣ ስድስት ሰዓት አዞርኩት በቃ። ቀን የሚያሳይ ሰዓት እንዲህ ከተደረገ ቀኑን የሚቀይረው ከምሽቱ ወይም ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ሁሌ እንደተምታታ ይኖራል። ይሄኛው ምንም የሚዛባ ነገር የለውም። አባቴ ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማውና ራሱ ሞላው።

ዋጋው ከ6 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በቀላሉ የማይጫረውን፣ ከጀርባው ሞተሩ የሚታየውን ባለ ሳፋየር (በጣም ጠንካራ መስታወት) ዓይነት ገንዘብ ጨምሮ መግዛት ይቻላል። እኔ ዛሬም ብገዛ ፕላስቲኩን ነው የምወስደው።