ኪያሎን ለእድራችን ክርክር ሞከርነው

«የለቅሶ ቤት ምግብ ይቅርና ገንዘቡ ለሟች ቤተሰብ ይሰጥ።» ይህ ሐሳብ ጎንደር፣ ማራኪ ያለውን እድራችንን ስንት ጊዜ አጨቃጭቆታል! ጸሐፊው እኔ ነኝና ሁሉንም ሰምቻለሁ። ስብሰባ ላይ ድምፁ የጎላው ያሸንፋል። በስልክ ግሩፕ ደግሞ ጥሩ ሐሳብ በሰላምታና በምርቃት መሃል ይቀበራል። ስለዚህ ክርክሩን ወደ ኪያሎ ወሰድነው።

ኪያሎ በፈረንጆች 2017 ሥራ የጀመረ፣ ለክርክር ተብሎ የተሠራ ድረ ገጽ ነው። በነጻ ነው። ዋናው ሐሳብ አናት ላይ ይቀመጣል። ከሥሩ ደጋፊና ተቃዋሚ ነጥቦች ለየብቻ ይደረደራሉ። በእያንዳንዱ ነጥብ ሥርም ሌላ ድጋፍና ተቃውሞ ይገባል፤ ክርክሩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል። ክርክሩን የግል ማድረግ ስለሚቻል አባላትን ብቻ ጋበዝን።

እኔን የማረከኝ አንድ ሳጥን አንድ ነጥብ ብቻ መያዙ ነው። አንድ ጋሼ «ድግሱ ያከስራል፣ ሴቶቻችንን ይገድላል፣ ድሮም አልነበረም» ብለው ጻፉ። ሦስት ቦታ ከፈልነው። ሦስተኛው ወዲያው መልስ አገኘ፤ «ድሮም ንፍሮ ነበረ።» ሁለተኛው ግን ስብሰባ ላይ ትንፍሽ የማይሉትን እናቶች አስነሳ። አንዷ «ሌሊቱን ጭስ ቤት ነን፤ ከሐዘንተኛዋ ጋር መቼ እንቀመጥ?» አሉ። ይህን የመሰለ ነገር በቃለ ጉባኤዬ ላይ አስፍሬ አላውቅም።

ሌላው ቅርንጫፍ ስለ እንግዳ ነበር። «ከጃናሞራ የመጣ ዘመድ ጾሙን አይሸኝም» ተባለ። ከሥሩ «እንግዲያው ለሩቅ መንገደኛ ብቻ ይቅረብ» የሚል መጣ። ከሱም ሥር «በር ላይ ቆሞ ማን ይለያል? ነውር ነው።» ሰው ስም ሳይጠራ፣ ሳይቆጣ፣ ነጥቡን ብቻ ሲመልስ ማየት ደስ ይላል።

ለነጥቦች ከ0 እስከ 4 ድምፅ ይሰጣል። እዚህ ላይ ቀድማችሁ አስረዱ። የሚጠየቀው ነጥቡ ከበላዩ ላለው ሐሳብ ምን ያህል ይመዝናል የሚለው ነው። ድግሱ እንዲቀር የማይፈልግ ሰውም ለእናቶቹ ነጥብ 4 መስጠት ይችላል። በእኛ ዘንድ የሰጡም አሉ፤ አክብሬያቸዋለሁ።

ሁሉም ነገር በጽሑፍ ስለሆነ ለማያነቡ አባላት ልጅ አጠገባቸው ይቀመጥ። እኛ ጋ የልጅ ልጆች እያነበቡ፣ የሚሏቸውን እየጻፉ አግዘዋል። አዲስ አበባ ያሉ አባላትም ከያሉበት ገብተዋል።

ውሳኔው ግን የጉባኤው ነው። እሁድ የእድሩ ዳኛ ዛፉን አስነብበው ያልተቋጩትን ነጥቦች ብቻ አወያዩ። ምግቡ ቀረ፤ ለሐዘንተኛው ቤትና ለሩቅ መንገደኛ ግን ቆሎና ሻይ ይኖራል። ማን ይለያል ለተባለው፣ ቆሎው ለሁሉም ይዞራል ተብሎ ተስማማን።

እድር፣ ማኅበር ወይም የወላጆች ኮሚቴ ካላችሁ ሞክሩት። አስተማሪዎች ደግሞ ለክፍል የተዘጋጀውን ኪያሎ ኢዱ ተመልከቱ፤ እሱም በነጻ ነው።