«ሪኮል የለባትም» የምትባለዋን ፕሪየስ ከመግዛታችሁ በፊት

ዲሲና አካባቢው፣ ዴንቨር፣ ሲያትል ያላችሁና ለኡበር ወይም ለሊፍት ያገለገለ መኪና የምትፈልጉ ወገኖች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል ያሉት ቶዮታ ፕሪየሶች ዋጋቸው ወርዷል። ቤንዚን ይቆጥባሉ፣ ሻንጣ ይይዛሉ፣ መለዋወጫ አይጠፋላቸውም። መኪናዋን ልሰድብ አልመጣሁም። የማልወደው የምትሸጥበትን መንገድ ነው።

ሻጩ የመኪናዋን ቪን ቁጥር (መለያ ቁጥሯን) ኤንኤችቲኤስኤ በሚባለው የፌዴራል የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ያስገባል። የወጣውን አትሞ ይሰጣችኋል። «ያልተሠራ ሪኮል የለም» ይላል ወረቀቱ። ሪኮል ማለት ፋብሪካው ጉድለት የተገኘባቸውን መኪኖች ለማስተካከል የሚያወጣው ጥሪ ነው። ሻጩ ይሄን ከመኪናዋ የጤና ምስክር ወረቀት ጋር አንድ አድርጎ ያወራል። ወረቀቱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የዚህችን መኪና ዋና በሽታ አይመለከትም።

አንድ ወዳጄ በዚህ ወረቀት ተማምኖ የ2011 ሞዴል ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ጠዋት ስትነሳ እንደ ወባ ታማሚ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ትንሽ ስትሞቅ ይለቃታል። መካኒኩ ድምጿን እንደሰማ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ነገረው፦ ሄድ ጋስኬት ነው። ሻጩ ጋ ሲሄድ «አዝ ኢዝ (እንዳለች፣ ያለ ዋስትና) ነው የገዛኸው፣ ፈርመሃል» ተባለ። እውነቱን ነው፣ ፈርሟል። መስኮቱ ላይ ተለጥፎ የነበረው የገዢ መመሪያ ወረቀትም ዋስትና እንደሌላት ይናገር ነበር። ማን አንብቦት!

ሄድ ጋስኬት በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና በሞተሩ ብሎክ መካከል ያለው ማሸጊያ ነው። በዚህች መኪና ላይ ለምን ይቃጠላል? መካኒኮች በብዛት ጣታቸውን የሚቀስሩት ኢጂአር ወደሚባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ተቃጥሎ ከሚወጣው ጭስ የተወሰነውን አቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ የተሠራ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ማቀዝቀዣው በጥቀርሻ ይደፈናል። ቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎችም ይዘጋሉ። ያኔ ጭሱ ለአራቱም ሲሊንደር እኩል አይደርስም፣ አንዱ ከሌላው በላይ ይግላል። ጋስኬቱ በዚያ በኩል ይከዳል። ሌሊት መኪናዋ ቆማ ስታድር ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። የጠዋቱ መንቀጥቀጥ ከዚያ ነው የሚመጣው። እንዲሁ እየነዱ ከቀጠሉ ሞተሩ ራሱ ሊሰበር ይችላል።

ለዚህ ጉዳይ ቶዮታ ሪኮል አላወጣም። የደህንነት ሪኮል የሚወጣው አደጋ ያመጣል ለተባለ ጉድለት ነው። ኪስ ለሚያራቁት ጉድለት ሪኮል የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ሞተሩ የሞተ ሊሆን ይችላል።

ወደ እውነተኞቹ ሪኮሎች እንምጣ፣ ምክንያቱም እዚያም የሚያምታታ ነገር አለ። ትልቁ የኢንቨርተሩ ነው። ኢንቨርተር የባትሪውን ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚያዘጋጀው ክፍል ነው። ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ከመጠን በላይ ሊግሉና ሊበላሹ ይችላሉ። ቶዮታ በየካቲት 2014 በፈረንጆች አቆጣጠር በመላው ዓለም 1.9 ሚሊዮን ገደማ ፕሪየሶችን በዚህ ምክንያት ጠራ። ወደ 700 ሺህ የሚጠጉት አሜሪካ ውስጥ ነበሩ። በ2018 ደግሞ መኪናዋ ችግር ሲገጥማት ኃይሏን ቀንሳ ዳር ለመያዝ በማስቻል ፈንታ ጭራሹን ልትጠፋ ትችላለች ተብሎ ሌላ ጥሪ ወጣ። በ2020 ለ2013–2015 ሞዴሎች እንደገና። ሀይዌይ ላይ በ65 ማይል እየሄዱ ኃይል ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለታክሲ ሹፌር አልነግርም።

ታዲያ «ሪኮሉ ተሠርቷል» ሲሉ ምን ተሠራ? በአብዛኛው የተለወጠው ሶፍትዌር ነው። ኢንቨርተሩ ያው የድሮው ነው። የተቀየረው ቀድሞ ተበላሽቶ ለተገኘባቸው ነው። ቶዮታ ለኢንቨርተሩ የዋስትና ጊዜ ማራዘሙን ሻጮች አይነግሯችሁም፣ ብዙዎቹ ራሳቸውም አያውቁም። ማንኛውም የቶዮታ ዲለር ጋ በቪን ቁጥሩ ጠይቁ፣ ዋስትናው ለዚያች መኪና አሁንም ይሠራ እንደሆነ ያዩላችኋል። በ2016 የ2010–2012 ሞዴሎች የጎን መጋረጃ ኤርባግም ተጠርቶ ነበር። እሱንም አስፈትሹ።

የመንግሥቱን ገጽ ራሳችሁ ክፈቱት፣ ነጻ ነው። 17ቱን የቪን ፊደልና ቁጥር ግን ከመኪናዋ ላይ አንብቡ፣ በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ይታያል። ሻጩ በእጁ በሰጣችሁ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር የሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። ገጹ ከ15 ዓመት በላይ የሆናቸውን ሪኮሎች ላያሳይ እንደሚችልም እወቁ።  ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ዲለር ያልተሠራ ሪኮል ያለባትን ያገለገለች መኪና እንዳይሸጥ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። ከ35 በላይ መኪና ያላቸው አከራዮች ግን ከ2016 ጀምሮ ሪኮሉን ሳያሠሩ ማከራየት አይችሉም። ለአንድ ቀን ኪራይ የተጨነቀ ሕግ ለሚገዛው ሰው አልተጨነቀም ማለት ነው።

ለማየት ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ድፍን ሌሊት ቆማ ያደረች። ደርሳችሁ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ፣ ለብ ካለ ሻጩ አስቀድሞ አሙቋታል። ይህ ተራ ስህተት አይመስለኝም፣ ሌላ ቀን በማለዳ ካላሳያችሁ ተዉት። የማስነሻ ቁልፉን ስትጫኑ መጀመሪያ ዝም ትላለች፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ሞተሩ ይነሳል። ያቺን ሰዓት ሬዲዮ ዝጉ፣ ወሬም ተዉ። ብትንገጫገጭ ወይም ብትንቀጠቀጥ በቃ። የኩላንቱን ዕቃ እዩ። ሁለት ዕቃዎች አሉ፣ አንዱ የኢንቨርተሩ ነው፣ እናንተ የምትፈልጉት የሞተሩን ነው። ከመሥመሩ በታች ሆኖ መሬት ላይ ግን ፍሳሽ ከሌለ፣ ውሃው ወዴት ሄደ? ቡናማ ጭቃ መሳይ ነገር ካለበት ደግሞ ማሸጊያ ፈሳሽ ጨምረውበት ሊሆን ይችላል።

በ20 ወይም በ30 ዶላር የሚገኝ ስካነር (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ግዙ። ቸክ ኢንጂን መብራት አለመኖሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ሻጩ ትናንት አጥፍቶት ይሆናል። ስካነሩ መኪናዋ የራሷን ፍተሻ ገና አልጨረሰችም ካለ የብልሽት ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪዋ ተነቅሎ ነበር። ፒ0301 ወይም ፒ0302 (አንደኛው ወይም ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አይቃጠልም የሚሉ ኮዶች) ካያችሁ መደራደር አቁሙ።

ፍሬኑንም አዳምጡ። ቆማ፣ ፔዳሉን ሳትረግጡ፣ የፍሬን ፓምፑ በየጥቂት ሰከንዱ እየተነሳ ከጮኸ እሱም ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ሊያስወጣ የሚችል ዕቃ ነው። በፍሬን ደግሞ ነገ እሠራዋለሁ አይባልም።

ታይትሏ (የባለቤትነት ወረቀቷ) «ሪቢልት» ወይም «ሳልቬጅ» ከሆነ፣ ማለትም ክፉኛ ተጎድታ የተጠገነች ወይም እንደተጎዳች የተመዘገበች ከሆነች፣ እኔ አልነካትም። ከመግዛታችሁ በፊት ኡበር መቀበሉን ጠይቁ።

ገዝታችሁ እየሠራችሁባት ያላችሁ አትደንግጡ። ኢጂአሩንና የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱን ሃይብሪድ በሚያውቅ ጋራዥ አስጸዱ። ከ100 ሺህ ማይል ካለፈች በተለይ አትዘግዩ፣ ለማጽዳት የሚከፈለው ጋስኬት ለማስቀየር ከሚከፈለው በብዙ ያንሳል። የኩላንቱን ልክ በወር አንድ ጊዜ ዕቃው ላይ ምልክት አድርጋችሁ ተከታተሉ። ከወረደ ሞልታችሁ ወደ ሥራ አትሮጡ፣ ግፊቱን የሚለካ መካኒክ ጋ ውሰዷት።