ዳገት የማይበግራቸው የቤት ዕቃ አጓጓዦች
ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት፣ ውስጥ ለውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች አይሱዙ ስለማይገባ፣ ይህን አጓጓዥ ድርጅት የመረጥነው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ሰው ልኮ መንገዱን ስላየ ነው። መኪናው አስፋልቱ ዳር፣ ጎማው በድንጋይ ታግዶ ቆመ፤ የቀረው የትከሻ ሥራ ነበር። ሠራተኞቹ የቁም ሳጥኑን በሮች ፈትተው በብርድ ልብስ ጠቀለሉ፤ ፍሪጁን ግን ሳያጋድሙ፣ አንዱ ከላይ በገመድ እየያዘ ሁለቱ ከታች እየደገፉ፣ ዝናብ ባረጠበው ኮብልስቶን ላይ ሳይጣደፉ አወጡት፤ ይህ ጥንቃቄያቸው በእውነት የሚያስመሰግን ነው። ቅር ያሰኘኝ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች የጠየቁት ክፍያ በውሉ አለመካተቱ ነው፤ ስለዚህ ድርጅቱን የሚቀጥር ሰው ይህን ወጪ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማማ።