የራስ ሰርቨር፣ በሰዓት የሚቆጠር ክላውድ ወይስ ቋሚ ወርሃዊ ክፍያ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሱቅና የሆቴል ኮምፒውተሮችን ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደንበኞቼም ወዳጆቼም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሰርቨር ልግዛ ወይስ ክላውድ ልግባ?» ሰርቨር የንግዱን መዝገብና ፕሮግራም ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚይዝ ማሽን ነው፤ ክላውድ ደግሞ በኢንተርኔት የምንከራየው የሌላ ሰው ማሽን። መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ሠራተኞቹ ከሃያ ለማይበልጡ ንግድ፣ በቋሚ ወርሃዊ ክፍያ የሚሰጥ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም መሥራት የሚችል ዝግጁ ፕሮግራም ይሻላል። ሌሎቹ ሁለቱ ርካሽ የሚመስሉት ቃላቱን እስክናውቅ ድረስ ነው።

በራስ ሰርቨር ልጀምር፤ ብዙ ገንዘብ ሲባክን ያየሁት እዚያ ነውና። እትዬ የምላቸው አንዲት የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ያገለገለ ሰርቨር «ዲስኩ አዲስ ነው» ተብለው ገዙ። የሒሳብ ፕሮግራሙም ፈቃዱ የተሰበረ ቅጂ ነበር። ሰርቨሩን ጓዳ ውስጥ ከሲሚንቶ ከረጢት አጠገብ አኖሩት። «አገራችን ብርድ ነው፣ ማሽን አይግልም» ይባላል፤ ክዳኑን ስከፍት ግን ማራገቢያው ላይ ብናኙ እንደ ጭቃ ደርቆ ነበር። ዲስክ የሠራበትን ሰዓት በራሱ ውስጥ ይመዘግባል። ያ «አዲስ» ዲስክ ከ40,000 ሰዓት በላይ አሳየኝ፤ ሳይጠፋ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ሠርቷል ማለት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው የዩፒኤሱ ባትሪም ደክሞ ስለነበር፣ የአምስት ወር የዱቤ መዝገብ ጠፋ። የተሰበረው ቅጂ ደግሞ እንደገና ሲጫን አልከፈት አለ።

ሻጩ «ሁለት ዲስክ አለው፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካል» ብሏቸው ነበር። ይህ ሬይድ ይባላል፤ ባክአፕ ግን አይደለም። በአንዱ ላይ የተሰረዘው ከሌላውም እኩል ይሰረዛል። ባክአፕ የሚባለው ሌላ ቦታ የተቀመጠና ተመልሶ ሲከፈት የታየ ቅጂ ነው። ከዚህ ሁሉ ቃል አንዱን ብቻ የሚይዝ ሰው ካለ ይህንን ይያዝ።

ሁለተኛው፣ በሰዓት የሚቆጠረው ክላውድ፣ ቨርቹዋል ማሽን መከራየት ነው። በሌላ ሰው ትልቅ ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር የተከለለ ክፍል ይሰጣችኋል፤ የምትከፍሉት በተጠቀማችሁት ልክ ነው። ሲሰሙት ደስ ይላል። እኔ ለአንድ ወዳጄ ሆቴል እንዲህ ዓይነት ማሽን ከፍቼ፣ ሥራው ሲያልቅ «ስቶፕ» የሚለውን ተጫንኩና ጨረስኩ ብዬ ተቀመጥኩ። ሂሳቡ ግን በየወሩ መጣ። ስቶፕ ሞተሩን ያጠፋል እንጂ የተከራያችሁትን ዲስክ አይመልስም፤ ማሽኑን የሚያጠፋው «ተርሚኔት» ነው፣ ከዚያም በኋላ ዲስኩና የያዛችሁት ቋሚ አይፒ ቁጥር (ማሽኑ በኢንተርኔት የሚገኝበት አድራሻ) ቀርተው እንደሆነ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። በዋጋ ለማየት ያህል፣ ክላውድ ከሚያከራዩት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው አማዞን ከፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ አንሥቶ ለአንድ የሕዝብ አይፒ ቁጥር በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል። በወር ሲታሰብ ወደ 3.65 ዶላር ነው፣ ማንም ባይጠቀምበትም።

ከሁሉ የከፋው ቃል «ኢግረስ» ነው። ፋይል ወደ ክላውድ ማስገባት ብዙ ጊዜ ነጻ ነው፣ ማውጣት ግን ይከፈልበታል። በአማዞን የአሜሪካ ማዕከሎች በወር የመጀመሪያው 100 ጊጋባይት ነጻ ሲሆን ከዚያ በኋላ ጊጋባይቱ 0.09 ዶላር ነው። የካሜራ ቅጂ አስቀምጦ 600 ጊጋባይት ያወረደ ሰው ለ500ው 45 ዶላር ይከፍላል። ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ ይህ 2,565 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ተለወጠ፤ በ130 ብር ሲሰላ ያው ፋይል 5,850 ብር ሆነ። ኩባንያው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር የእኛ ሂሳብ ከእጥፍ በላይ አደገ። ዋጋው በየ«ሪጅኑ»፣ ማለትም ማሽኖቹ እንደሚገኙበት አገር ይለያያል፤ የአማዞን፣ የማይክሮሶፍትና የጉግል የአፍሪካ ሪጅኖች ያሉት ደቡብ አፍሪካ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ዋጋ አስልታችሁ አትፈርሙ። በአገር ውስጥም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የሚል አገልግሎት አለው፤ ከመወሰናችሁ በፊት የእርሱንም ዋጋ ጠይቁ።

እኔ የምመርጠው ሦስተኛው፣ ዝግጁ ፕሮግራም በቋሚ ወርሃዊ ክፍያ መጠቀም፣ «ሳስ» ይባላል። የራስ ሰርቨር ወፍጮ መትከል ነው፣ ቨርቹዋል ማሽን የሰው ወፍጮ ተከራይቶ ራስ መፍጨት፣ ሳስ ግን ዱቄቱን መግዛት። ጥገናውም ማሻሻያውም የሻጩ ነው፣ ሂሳቡም በወሩ መጀመሪያ የታወቀ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ዋጋው ብዙ ጊዜ «በተጠቃሚ» ነው የሚጻፈው። አሥራ ሁለት ሠራተኛ ያለው ሱቅ መዝገቡን የሚነኩት አራት ከሆኑ ለአራት ይክፈል እንጂ ለሁሉም መለያ አይክፈት።

የዚህኛውን ድካም አልደብቅም። ውሉ ላይ «99.9 በመቶ» የሚል ታያላችሁ፤ በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ቢቋረጥ ቃላችንን አላፈረስንም ማለት ነው። ያም የሻጩን ማሽን እንጂ የእኛን መስመር አይመለከትም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ የቆየውን ማን ይረሳል? ያለ ኢንተርኔት ጨርሶ የማይከፈት ፕሮግራም ሰሜን ሸዋ ላለ ነጋዴ አይሆንም። ሽያጩን ሱቁ ኮምፒውተር ላይ መዝግቦ መስመር ሲመለስ የሚልከውን ፈልጉ። ሻጩ ፊት ቁጭ ብላችሁ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀሉና ደረሰኝ ያውጣላችሁ። መዝገባችሁን በኤክሴል ፋይል አውርዶ እንዲያሳያችሁም ጠይቁ፤ ይህን ማድረግ የማይችል ሻጭ በኋላ መዝገባችሁን በቀላሉ አይመልስላችሁም።

እትዬ አሁን በዚህ ይሠራሉ። ልጃቸው ማታ ማታ መዝገቡን በውጫዊ ዲስክ ገልብጦ ወደ ቤት ይወስዳል። ባለፈው ወር ዲስኩን ተቀብዬ በራሴ ኮምፒውተር ከፈትኩት። የዚያን ዕለት የዱቤ ሂሳብ እስከ መጨረሻዋ የምስማር ኪሎ ድረስ ነበር፤ ስልክ ደውዬ አነበብኩላቸው፣ እሳቸውም ከደብተራቸው ጋር እያስተያዩ «ልክ ነው፣ ቀጥል» አሉኝ።