«ክሪፕ»፦ ይሉኝታን ወጥመድ ያደረገ አስፈሪ ፊልም

አንድ ካሜራማን በኢንተርኔት የወጣ ማስታወቂያ አንብቦ፣ ለአንድ ቀን ሥራ 1,000 ዶላር ሊከፈለው ተስማምቶ፣ በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ ወዳለ ገለል ያለ ቤት መኪናውን ይነዳል። የቀጠረው ጆሴፍ የተባለ ሰው የማይድን የአንጎል ዕጢ እንዳለበትና ገና ላልተወለደው ልጁ የአንድ ቀን ውሎውን በምስል ሊያስቀርለት እንደሚፈልግ ይነግረዋል። በፓትሪክ ብራይስ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዕይታ የበቃው «ክሪፕ» የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ፊልሙ በእጅጉ የተሸከመው በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። ብራይስ ራሱ ካሜራማኑን አሮንን፣ ማርክ ዱፕላስ ደግሞ ጆሴፍን ሆነው ይጫወታሉ፤ ታሪኩንም አብረው ጽፈውታል፤ ንግግሩ በአብዛኛው በቀረጻው ላይ የተፈጠረ ነው። ከእነርሱ ሌላ ጉልህ ድርሻ ያላት በስልክ ድምፅዋ ብቻ የሚሰማ አንዲት ሴት ናት። ባለታሪኮቹ ራሳቸው በቀረጹት ምስል የሚተረኩ አስፈሪ ፊልሞች ሁሉ የሚፈተኑበት ጥያቄ፣ በፍርሃት የተያዘ ሰው ካሜራውን ለምን አይጥልም የሚለው ነው፤ እዚህ ግን መቅረጽ የአሮን እንጀራው ስለሆነ ጥያቄው ለረጅም ጊዜ አይነሣም።

ስለ ተከታታይ ገዳይ የተሠራ ፊልም መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ የሚያበላሸው ነገር የለም፤ ልብ የሚያንጠለጥለው አሮን ከዚያ ቤት ለምን እንደማይወጣ ማየቱ ነውና። ጆሴፍ በመጀመሪያ በተገናኙበት ቅጽበት ያቅፈዋል፤ ቀጥሎ ልጁን የሚያጥብ መስሎ ገንዳ ውስጥ ሲገባ እንዲቀርጸው ይጠይቀዋል፤ ከዚያም ተደብቆ እየዘለለ ያስደነግጠዋል፤ የተኩላ ጭምብል አጥልቆም ይዘፍንለታል። አሮን በእያንዳንዱ እርምጃ ይሳቀቃል፤ ሆኖም የሚሞትን ሰው ልመና እንዴት እምቢ ይባላል? ጆሴፍም ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ካስፈራራ በኋላ ፈጥኖ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሆዱን ያባባዋል። እኛ ይሉኝታ የምንለው ስሜት የሰውን እግር እንዴት እንደሚያስር በዚህ ግልጽነት ያሳየ ሌላ አስፈሪ ፊልም አላየሁም። የዱፕላስ ትወና ድንቅ ነው፤ ፈገግታው ከሚገባው በላይ ጥቂት ሲቆይ ብቻ ሰውነት ይሸማቀቃል።

ድክመቱ አሮን ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ይታያል። ስጦታዎች በር ድረስ እየመጡለት፣ ሰውየው እንደሚከታተለው እያወቀ የሚወስናቸው ውሳኔዎች ለማመን ይቸግራሉ፤ በድንገት ብቅ እያሉ ማስደንገጡም ሲደጋገም ኃይሉን ያጣል።

የሐይቁ ዳርቻ ትዕይንት ግን ይህን ሁሉ አስረስቶኛል። ምን እንደሚሆን አልናገርም፤ ካሜራው አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ ያለ ሙዚቃ፣ በቀን ብርሃን ከሩቅ ያያል፤ እኔም «ዞር በል!» እያልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጮኽ ራሴን አገኘሁት።