ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፦ «የቬትናም ጦርነት ሥፍራዎች በሞተር» ስለሚባለው የቡድን ጉዞ

ከሃኖይ እስከ ሆ ቺ ሚን ከተማ በ10 ቀን፣ በቡድን፣ በሞተር፣ የጦርነቱን ታሪካዊ ሥፍራዎች እያያችሁ ትጓዛላችሁ የሚሉ ማስታወቂያዎች በቴሌግራምና በፌስቡክ ይዞራሉ። ዋጋው ከታወቁት አስጎብኚዎች በብዙ ያንሳል፤ «ቦታ ሊሞላ ነው፣ ግማሹን ዛሬ ቀብድ አስገቡ» የሚልም አይጠፋበትም። ሥፍራዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ መንገዱም ከሚባለው በላይ ውብ ነው። መታየት ያለበት ውሉ ነው። ርዕሱ «የጉብኝት ስምምነት» ቢልም አንቀጾቹን ስታነቡ የሞተር ኪራይ ውል ሆኖ ታገኙታላችሁ። አዘጋጁ ሞተር ያከራያችኋል፣ ከፊት የሚሄድ ሰው ይመድባል፤ ከዚያ ወዲያ መንጃ ፈቃዱም፣ ኢንሹራንሱም፣ ብልሽቱም፣ ሕክምናውም በእናንተ ጫንቃ ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ውል ለመለየት አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ፦ «ተሳታፊው በቬትናም ተቀባይነት ያለው የሞተር መንጃ ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጣል» የምትለዋን። ብዙ ሰው ሳያያት ይፈርማል። ሌላው ጣጣ ሁሉ የሚመዘዘው ከእሷ ነው።

ቬትናም ለውጭ አገር ሰው የምትቀበለው በ1968 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በተፈረመው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የተሰጠ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ነው። አሜሪካ የምትሰጠው ግን በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት ነው። ስለዚህ ዲሲ ወይም ሲያትል ያላችሁ ወገኖች ፈቃዱን በሕጋዊ መንገድ፣ ከትክክለኛው ቦታ አውጥታችሁም እንኳ ቬትናም ውስጥ አይሠራላችሁም። ካናዳም ያው ነው። የትኛው ስምምነት እንደሆነ በደብተሩ ሽፋን ላይ ስለታተመ ገልጦ ማየት ብቻ ይበቃል። 1968 የሚል ቢሆንም ለሞተር በተመደበው «ኤ» ክፍል ማኅተም ከሌለው የመኪና ፈቃድ ብቻ ነው። የአገራችሁ ዋናው መንጃ ፈቃድም አብሮ መያዝ አለበት፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆጠርም። «ዓለም አቀፍ ፈቃድ በ24 ሰዓት» እያሉ በኢንተርኔት የሚሸጡትን ካርዶች የማንኛውም አገር መንግሥት አያውቃቸውም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

አዘጋጁን ስትጠይቁት «ፖሊስ ቱሪስት አይነካም» ይላል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ ያለ ተገቢ ፈቃድ እስከ 125 ሲሲ የሆነ ሞተር የነዳ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ)፣ ከ125 ሲሲ በላይ የነዳ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ዶንግ ይቀጣል። ሞተሩም ሊያዝ ይችላል፤ የተያዘበት ቀን ኪራይም ከእናንተ ይቆረጣል። ይህ እንግዲህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ኢንሹራንሱ ነው። ማስታወቂያው «ኢንሹራንስን ጨምሮ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያወራው በቬትናም ሕግ ለማንኛውም ሞተር ግዴታ ስለሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። ከ50 ሲሲ በላይ ለሆነ ሞተር የዓመት ክፍያው ከነታክሱ 66,000 ዶንግ ነው፤ ሦስት ዶላር እንኳ አይሞላም። እናንተ የገጫችሁት ሰው ቢጎዳ ለእሱ በነፍስ ወከፍ እስከ 150 ሚሊዮን ዶንግ ይከፍላል። ለእናንተ ስብራት፣ ለእናንተ ቀዶ ሕክምና፣ ለሞተሩ ጥገና አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ይህን «ሙሉ ሽፋን» ብሎ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን አያውቅም፤ ካወቀም ያው ነው።

«የራሴ የጉዞ ኢንሹራንስ አለኝ» የምትሉ ደግሞ ከሽፋን ውጭ የሚደረጉ ነገሮች የተዘረዘሩበትን ገጽ አውጡ። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ አሽከርካሪው በሚነዳበት አገር ሕጋዊ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል የሚል፣ የሞተር አቅም ገደብ (ብዙ ጊዜ 125 ሲሲ ነው፣ ማስታወቂያው ደግሞ 150 ይላል)፣ እና መጠጥ። ቬትናም ለሚነዳ ሰው የምትፈቅደው የአልኮል መጠን ዜሮ ነው። በምሳ ላይ የተጠጣች አንዲት ቢራ ሽፋናችሁን ታስቀራለች። አደጋው ኬ ሳን (የአሜሪካ ጦር ሰፈር የነበረበት ተራራማ ቦታ) አካባቢ ቢደርስ ትልቁ ሆስፒታል ያለው ሁዌ ከተማ ነው፤ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ። ከዚያ ወደ ሃኖይ ወይም ባንኮክ በአውሮፕላን መወሰድ ካስፈለገ ወጪው የጉዞውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ያቺ የፈረማችሁባት ዓረፍተ ነገር ትወጣለች።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ፎቶው ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሆንዳ ኤክስ አር 150 ወይም ከዚያ የተሻለ ነው። ውሉ ግን «ወይም ተመጣጣኝ ሞተር» ይላል። «ተመጣጣኙ» ሆንዳ ዌቭ 110 ከሆነ መጥፎ ሞተር አይደለም፤ አገሬው በሙሉ የሚነዳው እሱን ነው። ነገር ግን ለአጭር የከተማ ጉዞ እንጂ ሻንጣ ተጭኖበት በተራራ ለሚያልፍ ረጅም መንገድ አልተሠራም። ከሁሉ የከፋው የሆንዳ ዊን ቅጂ ሲመጣ ነው። ዋናው ሆንዳ ዊን 100 ሲሲ የሆነ ድሮ የቀረ ሞተር ነው፤ አሁን በዚያ ስም የሚዞረው አብዛኛው በርካሽ ዕቃ የተገጣጠመ፣ ከቱሪስት ወደ ቱሪስት ሲሸጥ የኖረ ነው። ሻሲው የተበየደ፣ የመብራት ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ ካያችሁ አትረከቡ።

ርክክቡን በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ አድርጉት። መጀመሪያ ጭስ ማውጫውን በእጅ ጀርባ ቀረብ አድርጋችሁ ሙቀቱን ሞክሩ፤ ትኩስ ከሆነ ቀድመው አስነስተውታል ማለት ነው፣ በብርድ እንቢ የሚል ሞተር የሚደበቀው እንዲህ ነው። ካቴናውን ከታች በኩል መካከሉ ላይ በጣት ወደ ላይ ግፉት፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ሊጫወት ይገባል። ካቴናው የሚዞርባቸው የፊትና የኋላ ጥርሶች ወደ አንድ ወገን የተጎበጡ ከሆኑ ካቴናው ብቻ ሳይሆን ሦስቱም አንድ ላይ መቀየር አለባቸው። የኋላ ፍሬኑ ከበሮ ከሆነ ከክንዱ ጎን ትንሽ ቀስት አለች፤ ፍሬኑን ስትረግጡ ቀስቷ ከበሮው ላይ ካለው ምልክት ጋር ከገጠመች የፍሬን ሸራው አልቋል። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ፦ 1219 የሚል ከሆነ በ2019 በ12ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ ጥርሱ ቢያምርም ላስቲኩ ደርቋል። በመጨረሻ የሻሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ዋናው ሊብሬ ሞተሩ ላይ አብሮ መሄድ አለበት። ይህን ሁሉ እያደረጋችሁ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ እያንዳንዱን ጭረት፣ ስፖኪዮውን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን። ማስያዣ የሚበላው ሲመልሱ «ይህ ጭረት አዲስ ነው» በሚል ነውና የመለዋወጫ ዋጋ ዝርዝር ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ። ዝርዝር የለኝም የሚል ሰው ዋጋውን የሚያወጣው መልሳችሁ ስትመጡ ነው።

ዘይትም ጠይቁ። ዌቭ በአንድ ቅያሬ የሚወስደው 0.8 ሊትር ብቻ ነው፤ ትንሽ ዘይት ቶሎ ይቃጠላልና ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ መካከል ላይ መቀየር ግድ ነው። ማን ይከፍላል፣ የት ይቀየራል የሚለው ውሉ ላይ ካልተጻፈ ከፋዩ እናንተ ናችሁ።

«ረዳት መኪና ከኋላ ይከተላል» የሚለው ሌላው ቃል ነው። የታርጋ ቁጥሩን፣ የመካኒኩን ስም፣ የሚይዘውን ዕቃ ጠይቁ፦ ለፊትና ለኋላ ካላማዳሪያ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የካቴና ማያያዣ፣ የፍሬን ሸራ። መልሱ «ጎሚስታ በየመንደሩ አለ» ከሆነ መኪና የለም። ለባሕር ዳርቻው መንገድ ነገሩ እውነት ነው፤ በየመንደሩ አለ። ለተራራው መንገድ ግን አይሠራም።

የተራራው መንገድ ማለት ከኬ ሳን ወደ ፎንግ ኛ የሚወስደው የሆ ቺ ሚን መንገድ ምዕራባዊ ቅርንጫፍ ነው፤ ማስታወቂያዎቹ በትልቅ ፊደል የሚጽፉት እሱን ነው። ርዝመቱ 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ማደያ የለውም ማለት ይቻላል። አሁን ስሌቱን ተመልከቱ። የዌቭ አልፋ ጋን 3.7 ሊትር ይይዛል። ሻንጣ ተጭኖበት በዳገት ለ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ቢበላ 185 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል፤ 50 ኪሎ ሜትር ይጎድለዋል። ኤክስ አር 150 ግን 12 ሊትር ስለሚይዝ ሳይነካው ያልፋል። ስለዚህ ፎቶው ላይ ያለው ሞተር ተቀይሮ ሌላ ከመጣ መንገዱም ተቀይሯል። መንደሮች ውስጥ ቤንዚን በጠርሙስ የሚሸጥ ሊገኝ ይችላል፣ ላይገኝም ይችላል። ለእያንዳንዱ ዌቭ ቢያንስ ተጨማሪ 2 ሊትር በተገቢው ጀሪካን የማያዘጋጅ አዘጋጅ ያንን መንገድ ራሱ ነድቶት አያውቅም።

ወቅቱንም እዩ። ርካሹ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለጥቅምትና ለኅዳር ነው፤ መካከለኛው ቬትናም በዝናብና በአውሎ ነፋስ የሚመታበት ጊዜ። በኦክቶበር 2020 በዚሁ በኬ ሳን አካባቢ አንድ የመሬት መንሸራተት 22 ወታደሮችን ቀብሯል። ምዕራባዊው መንገድ ሲዘጋ ቡድኑ ወደ አውራ ጎዳና ቁጥር 1 ይዞራል፣ ከጭነት መኪናዎች ጋር ይጋፋል፣ «በአየር ሁኔታ ምክንያት ለተሰረዘ መስመር ተመላሽ የለም» የሚለው አንቀጽም ሥራውን ይሠራል። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ያለው ይሻላል።

የቀኑን ፕሮግራም ደግሞ በካልኩሌተር ፈትሹት። ከሃኖይ ሆ ቺ ሚን ከተማ በአጭሩ 1,700 ኪሎ ሜትር ነው፤ በተራራው በኩል ከ2,000 ያልፋል። ፈጣን መንገዶች ለሞተር የተከለከሉ ናቸው። ከ10ሩ ቀን የርክክብና የመመለሻ ቀን ሲወጣ 8 ቀን ይቀራል፤ በቀን 250 ኪሎ ሜትር። በተራራ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 35 ቢሆን ሰባት ሰዓት ኮርቻ ላይ ናችሁ። ታዲያ ቪን ሞክ መቼ ሊታይ ነው? ያ ዋሻ የመንደሩ ሰዎች ከቦምብ ለመሸሽ የቆፈሩት፣ እስከ 23 ሜትር የሚጠልቅ፣ 17 ሕፃናት የተወለዱበት ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ማስታወቂያው ግን እሱን፣ አገሩን ለሁለት ከከፈለው የቤን ሃይ ወንዝ ላይ ያለውን የሂየን ሉዎንግ ድልድይ፣ ከ10,000 በላይ መቃብር ያለውን የቹዎንግ ሶን መካነ መቃብርና በ1968 ለ77 ቀን የተከበበውን ኬ ሳን በአንድ ቀን ያጭቃቸዋል። ፎቶ አንስቶ መሮጥ ነው የሚሆነው።

«ቱሪስት የማያውቃቸው የድሮ ምሽጎች፣ ከመንገድ ውጭ» የሚል መስመር ካለ ደግሞ ያለ ማመንታት ተዉት። እነዚህ ሥፍራዎች ያሉበት ኳንግ ቺ በጦርነቱ እጅግ ከተደበደቡ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ያልፈነዳ ቦምብ እስከ ዛሬ እየተለቀመ ነው። ከተረገጠ መንገድ አይወጣም፣ ብረት አይነሳም። ኬ ሳን ላይ ጥይትና የወታደር መታወቂያ የሚሸጡላችሁም ይመጣሉ፤ መታወቂያው አብዛኛው ሐሰተኛ ነው፣ ጥይቱ ደግሞ ኤርፖርት ላይ ያስይዛችኋል።

ጉዞው በላኦ ባኦ በኩል ወደ ላኦስ ገብቶ ይመለሳል ከተባለ ቪዛችሁን ተመልከቱ። የቬትናም ኢ-ቪዛ ለሁሉም አገር ዜጎች እስከ 90 ቀን ይሰጣል፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር፣ ለብዙ ጊዜ 50 ዶላር ነው። የ25ቱን ይዞ የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም። የተከራየ ሞተርም ሊብሬው በስማችሁ ስላልሆነ ድንበር ላይ ሊመለስ ይችላል። ማመልከቻውን በመንግሥት ገጽ ራሳችሁ ሙሉ፤ አዘጋጁ «የቪዛ አገልግሎት» ብሎ እጥፍ ያስከፍላል።

ገንዘብ ወደ ግለሰብ ሒሳብ አታስገቡ። ካርድ የማይቀበል አዘጋጅ ክርክር ሲነሳ ባንኩ እንዳይገባበት ነው። የውጭ ቱሪስት የማስተናገድ ፈቃዱን ቁጥርና የአስጎብኚውን ካርድ ፎቶ ጠይቁ፤ በቬትናም ሕግ ሁለቱም ግዴታ ናቸው። ፓስፖርትም በማስያዣነት አይሰጥም፤ ሆቴል ስትገቡ ይፈለጋል።

ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ አሁን በጽሑፍ ጠይቁ፦ በራሴ ከመንዳት ይልቅ ፈቃድ ካለው የአገሬው ሾፌር ኋላ ተቀምጬ ልሂድ፣ ልዩነቱ ስንት ነው? ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንሶችም ተሳፋሪን ይሸፍናሉ፣ የእናንተውን አረጋግጡ። አገልግሎቱ «ኢዚ ራይደር» ይባላል፤ ሁዌ ውስጥ በየሆቴሉ ደጃፍ ይገኛል። ገና ያልከፈላችሁ ከሆነ በባቡር ሁዌ ወይም ዶንግ ሃ ውረዱና ሁለት ቀን ያዙ፦ በአንደኛው ቪን ሞክ፣ ድልድዩና መካነ መቃብሩ፣ በሁለተኛው በመንገድ ቁጥር 9 ኬ ሳን ደርሶ መልስ። ከሾፌሩ ጋር ዋጋውን ለሰው ሳይሆን ለቀን ተዋዋሉ፤ ቤንዚንና የመግቢያ ትኬት ይጨምር አይጨምር በዚያው ይነገር።